የቫን ፐርሲ ማታ፦ አርሴንና ማንቼን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ታስቀምጣላችሁ?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የኳስ ማሳያ ቤት አለኝ። ቤቱን የከፈተው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔ በሩ ላይ ሻይ እሸጥ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ጅቡቲ ሲሻገር ቁልፉን፣ ዲኮደሩን፣ አሥራ ስምንት አግዳሚ ወንበርና አንድ የአርሰናል ማሊያ ትቶልኝ ሄደ። የቀድሞው ሆላንዳዊ አጥቂ ሮቢን ቫን ፐርሲ አሰልጣኝ ሆኖ በአውሮፓ ውድድር ብቅ ካለ ወዲህ ደግሞ «የቫን ፐርሲ ማታ» የምለውን ነገር ጀመርኩ። መጀመሪያ የድሮ ግቦቹን እናያለን፣ ከዚያ እሱ የሚያሰለጥነውን ቡድን ጨዋታ በቀጥታ እናያለን። እስካሁን ሦስቴ አሰናድቻለሁ። ሐረር ተመሳሳይ ቤት ያላቸው ሁለት ልጆችና ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሳይጣሉ እንዴት ነው የምትሸኛቸው?» እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁኝ የማውቀውን ሁሉ እጽፈዋለሁ። የጨዋታዎቹን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ቪዲዮውን ስትፈልጉ የሚያገናኛችሁ እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ሰውየው ለምን እንደሚወደድ ይግባችሁ። ሌላው ተጫዋች የአንድ ወገን ነው። ኦንሪ የአርሴ (የአርሰናል) ነው፣ ሩኒ የማንቼ (የማንችስተር ዩናይትድ) ነው፣ አለቀ። ቫን ፐርሲ ግን የሁለቱም ነው፤ ለዚያውም ሁለቱም ምርጥ ዓመቱን አይተዋል። አርሰናል ቤት ስምንት ዓመት ቆይቶ 132 ግብ አገባ። በመጨረሻው ዓመት፣ በ2011/12፣ በሊጉ ብቻ 30 አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። በነጋታው ክረምት በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሄደ፣ 20 ቁጥር ለበሰ፣ 26 አግብቶ ዳግም ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፣ ማንቼም 20ኛውን የሊግ ዋንጫ በላ። እኛ ከተማ ደግሞ ሰው ወይ አርሴ ነው ወይ ማንቼ፤ ቼልሲና ሊቨርፑል ቢኖሩም ቤቱን የሚሞሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ፍቅሩና ቁስሉ አንድ ሰው ላይ ነው ያረፉት። ይህን ማታ የሚያሰናዳ ሰው ሠርግና ለቅሶ በአንድ ድንኳን እንደሚያስተናግድ ይቁጠረው።

ቀን ስትመርጡ የሆላንድን ሊግ አትጠብቁ፤ እኔ በምከፍለው ፓኬጅ ላይ ሁሌ አይገኝም። የአውሮፓን ማታ ጠብቁ። ቫን ፐርሲ በ2024 ሄረንፌይንን ይዞ ጀመረ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ወደ አሳደገው ክለብ ወደ ፌይኖርድ መጣ፣ ወዲያው በሻምፒዮንስ ሊግ ከኢንተር ሚላን ጋር ተገናኘ። የመጀመሪያውን ማታ ያሰናዳሁት ያኔ ነው፣ ማርች 5፣ 2025። ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ የገቡበት ወቅት ነበር። ግማሹ ሰው አፍጥሮ ይመጣል፣ ግማሹ ሥጋም ወተትም አይነካም። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው፤ የምስር ሳምቡሳ ብቻ ጠበስኩ፣ ቴምር በሳህን አስቀመጥኩ፣ ሻዩን ያለ ወተት አፈላሁ። ለሁለቱም ጾም የሚሆን አንድ ዓይነት ነገር ስታቀርቡ ማንም «ይሄ ምን አለበት?» ብሎ አይጠይቅም። በር አጠገብ ያሉትን ሁለት አግዳሚዎች ደግሞ ባዶ ተውኳቸው። ከተራዊህ፣ ከረመዳን የማታ ስግደት፣ የሚመጡት ዘግይተው ስለሚገቡ በሰው ጉልበት ላይ እየተራመዱ መቀመጫ መፈለግ የለባቸውም።

ስለ መብራትና ሙቀት ብዙ አልልም፤ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ቬንቲሌተሩን ወደ ሰው እንጂ ወደ ቴሌቪዥኑ አታዙሩ፣ ጄኔሬተሩን ከጨዋታው በፊት አስነስታችሁ ሞክሩ፣ ነዳጁን ቀን ግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወንበሩን በደጋፊ አትክፈሉ። ወንድሜ ከፍሎ ነበር። ቀኑ ኤፕሪል 28፣ 2013፣ በኛ የሆሳዕና ዕለት ነው። ማንቼ ዋንጫውን ያረጋገጠው ከስድስት ቀን በፊት ነው፤ ያን ቀን ኤምሬትስ ላይ ከአርሴ ጋር ይጫወታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሲጀምር ቤቱ ሞልቷል፣ የብዙዎቹ ጣት ላይ የዘንባባ ቀለበት አለ። ወንድሜ አርሴዎችን በግራ፣ ማንቼዎችን በቀኝ አስቀምጦ መሃሉን ለሻይ መተላለፊያ ተወው። እኔ ትሪ ይዤ መሃል ላይ ነኝ።

የአርሰናል ተጫዋቾች በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ለሻምፒዮኑ ማጨብጨብ ጀመሩ። የእንግሊዞች ሥርዓት ነው፤ ዋንጫ የበላውን ቡድን ተጋጣሚው እንዲህ አድርጎ ያስገባዋል። ቫን ፐርሲ ዓምና አምበል ሆኖ ይመራቸው በነበሩ ልጆች መሃል አለፈ። በቀኜ ያለው ሁሉ ተነስቶ ይጨፍራል፣ በግራዬ አንድ ድምፅ የለም። አንድ ልጅ ዛሬም አይኔ ላይ አለ። የዘንባባ ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ በጥርሱ እየሰነጠቀ ጉልበቱ ላይ ይደረድረው ነበር፤ ሰልፉ እስኪያልቅ ቀና አላለም። ዋልኮት በ2ኛው ደቂቃ ሲያገባ ግራው ፈነዳ። 44ኛው ላይ የአርሴው ሳኛ ኳስ አበላሽቶ ቫን ፐርሲን ሲጥለው፣ ፍጹም ቅጣት ምቱንም ራሱ ቫን ፐርሲ ሲያገባው፣ ቀኙ ፈነዳ። አንድ አግዳሚ ተሰበረ። ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች በሩ ላይ አንገት ለአንገት ተያያዙ። ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ፤ ጓደኛሞቹ ግን እስከ ፋሲካ ማግስት አልተነጋገሩም።

ያን መስመር የሠራነው እኛ ነን። ሰው ከወገኑ መሃል ሲቀመጥ ጀርባው ይደነድናል፤ ጎኑ ያለው ጎረቤቱ ሲሆን ግን ክንዱን ከማንሳቱ በፊት ያየዋል። አሁን እኔ በር ላይ ገንዘብ ስቀበል ወንበሩን የምመርጥለት እኔ ነኝ። ሁለት አርሴ፣ ሁለት ማንቼ እያልኩ አፈራርቃለሁ። አብረው የመጡ ባላንጣዎችን በጭራሽ አልለያያቸውም። አንድ ባጃጅ ቀንና ማታ ተከፋፍለው የሚሠሩ ሁለት ሹፌሮች አሉ፤ አንዱ አርሴ፣ አንዱ ማንቼ። እነሱን መሃል ላይ ነው የማስቀምጣቸው፣ ምክንያቱም በነጋታው ቁልፍ መቀባበላቸው የማይቀር ነው። ትልልቆቹ ከፊት፣ ልጆች ከነሱም ፊት ሰሌን ላይ።

ቪዲዮውን የምታሳዩበት ቅደም ተከተል ከወንበሩም በላይ ነው። ከጨዋታው በፊት አርባ ደቂቃ ይበቃል። ከክለቦቹ ከራሳቸው ገጽ በሌሊት ጥቅል አውርዱና በፍላሽ ያዙት፤ በቀጥታ በኔት አሳያለሁ ብላችሁ ግብ ላይ ሲቆም ቤቱ ይናደድባችኋል።

በጊዜ ቅደም ተከተል ሂዱ፤ አርሴ ትቅደም። ሴፕቴምበር 30፣ 2006፣ ከቻርልተን ጋር የነበረውን አሳዩ። ኢቡዌ ከቀኝ ያሻማትን ኳስ እየሮጠ መጥቶ አየር ላይ እንዳለ በግራ እግሩ ሲመታት። ቀጥሎ ፌብሩዋሪ 16፣ 2011፣ ባርሴሎና። ከመስመሩ አጠገብ፣ ማንም ያሻማል እንጂ አይመታም ከሚለው ቦታ ላይ ሆኖ አቻ ያደረጋት ግብ ናት፤ አርሻቪን ጨምሮበት 2 ለ 1 ያሸነፉበት ማታ። እዚህ ላይ ማንቼዎች ማጨብጨብ ይጀምራሉ፤ ባርሴሎና ላይ ለገባ ግብ ጭብጨባ ማንም አይሰስትም። ከዚያ ዲሴምበር 10፣ 2011፣ ኤቨርተን። አሌክስ ሶንግ ኳሷን በተከላካዮቹ አናት ላይ ያሳልፋታል፣ ቫን ፐርሲ መሬት ሳትነካ በግራው ይመታታል። ይህችን በደንብ አስታውሷት፣ እመለስባታለሁ።

እዚህ ላይ አቁሙና ሻይ አዙሩ። በ2012 ክረምት ጁላይ 4 ላይ ውሉን አላድስም ብሎ ያወጣውን ደብዳቤ አታንብቡ፣ በስክሪንም አታሳዩ። ሁሉም ያውቀዋል። ስኒዎቹ ሲሰበሰቡ ኖቬምበር 3፣ 2012ን አብሩ። እኛ ጋ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የበርጫ ሰዓት ነበር። ኦልድ ትራፎርድ ላይ ገና በ3ኛው ደቂቃ በአርሴ ላይ አገባ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ይቅርታ የሚል ይመስል ደስታውን ዋጠው። ይህን አትዝለሉ። አርሴ ሲያየው ያመዋል፣ ግን ሰውየው እንዳልጨፈረም አብሮ ያያል። በዓመቱ ኖቬምበር 10፣ 2013 በድጋሚ አግብቶባቸው የጨፈረበትን ግን እኔ አላሳይም። ከፈለጋችሁ የራሳችሁ ውሳኔ ነው።

ከዚያ ኤፕሪል 22፣ 2013፣ አስቶንቪላ። ያን ማታ ሦስት ግብ አገባ፣ ዋንጫውም ያን ማታ ተረጋገጠ። ሁለተኛዋን ቀስ አድርጋችሁ አሳዩ። ሩኒ ከሩቅ ይልካታል፤ ኳሷ ከጀርባው፣ በትከሻው ላይ ትመጣለች፤ አያቆማትም፣ አያስነጥራትም፣ ወርዳ እግሩ ላይ እስክትደርስ ይጠብቅና በግራው ያሳርፋታል። ኳሷ በትከሻው ትክክል ስትደርስ ምስሉን አቁሙት፣ አምስት ሰከንድ ያህል። ማንም እንዲናገር አትጠይቁ።

አሁን ኤቨርተንን መልሳችሁ አምጡና ከአስቶንቪላ ጋር አጣብቋቸው። አንዷን፣ ሌላዋን፣ እንደገና አንዷን። ከኋላ የምትመጣ ኳስ፣ ያው ግራ እግር፣ ያው ትዕግሥት። የማሊያው ቀይ ይለያያል እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። እኔ ይህን ያገኘሁት ከአምስት ዓመት በፊት ሌሊት ብቻዬን ቤቱን ስጠርግ ነው። ሁለቱን ግቦች ሳላስበው አከታትዬ ከፍቼ መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። ስምንት ዓመት አርሴ የነበረው ሰውና የማንቼው ሰው ለየብቻ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ያን ሌሊት አንድ ሆኑብኝ። ሦስቱንም ማታ ይህን ሳሳይ ቤቱ በአንድ አፍ ሲተነፍስ ሰምቻለሁ።

መጨረሻ ላይ የማንም ያልሆነችውን አስቀምጡ። ጁን 13፣ 2014፣ ብራዚል፣ ሳልቫዶር። ዴሊ ብሊንድ ከግራ መስመር አርዝሞ ያሻማል፣ ቫን ፐርሲ ከመሬት ተነስቶ በአየር ላይ ተዘርግቶ በግንባሩ በስፔይኑ በረኛ በካሲያስ አናት ላይ ያሳልፋታል። ዕረፍት ሊወጡ አንድ ደቂቃ ሲቀር ነው። ያን ማታ ሆላንድ የዓለም ሻምፒዮኗን ስፔይንን 5 ለ 1 ቀጣች። እዚህ ላይ ሁሉም ይነሳል፤ ልጆቹ ሰሌኑ ላይ ተኝተው ይዘረጋሉ። በዚህ ደስታ ላይ እንዳሉ ወደ ቀጥታ ሥርጭቱ ውሰዷቸው።

ስለ ንግግር ደንብ አንድ ነገር ልበል። «ከሃዲ» የሚለው ቃል ይመጣል። አትከልክሉት፤ ከከለከላችሁት በሹክሹክታ ሲዞር ያመሻል። እኔ በሻይ ሰዓት አንድ ሰው ከአርሴ፣ አንድ ሰው ከማንቼ እንዲናገር ዕድል እሰጣለሁ፣ ሌላው ያዳምጣል። ማርች 5 ማታ ከአርሴ በኩል የተነሱት በባቡር ድርጅት ሠርተው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። (ሲጻፍ ነው አንቱ የምላቸው፤ ድሬ ላይ ማንም አንቱ አይላቸውም፣ ቢሏቸውም ይቆጣሉ።) እንዲህ አሉ፦ «ስምንት ዓመት ጉዳቱን አስታመምኩት። ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱ፣ በየዓመቱ። ሲድንልኝ ሄደ።»

ቤቱ ዝም አለ። ቀኑን የሚነዳው የባጃጅ ሹፌር፣ ማንቼው፣ ተነሳ። «አቦ፣ እኛም እኮ አንድ ዓመት ነው የበላነው» አለ። «አሰልጣኙ ፈርጊ ሲወጣ እሱም እንደ ድሮው አልሆነም። አንተ ስምንት ዓመት አለህ።»

አባትዬው ትንሽ አሰቡና «እሱስ እውነትህን ነው» ብለው ተቀመጡ። ሳምቡሳቸውን ቆርሰው ግማሹን ሰጡት። ማንም ያላዘጋጀው ነገር ነው፤ እኔ ያደረግኩት ተራ መስጠት ብቻ ነው።

ልጆቹን አትርሷቸው። ሰሌኑ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በ2012 አልተወለዱም፤ ሰውየውን የሚያውቁት መስመር ዳር እንደቆመ፣ ፀጉሩ እንደሸበተ አሰልጣኝ ነው። «ይሄ ነው ያ?» ይላሉ። ጨዋታው ሲጀመር አጠር አድርጋችሁ ንገሯቸው። ሮተርዳም ተወለደ፣ ፌይኖርድ ውስጥ ከታች አደገ፣ በ2002 ገና በ18 ዓመቱ ከክለቡ ጋር የዩኤፋ ካፕን በላ፣ በ2004 ለንደን ሄደ፣ በ2018 ተመልሶ መጥቶ የሆላንድን ዋንጫ አነሳ፣ በ2019 እዚያው ጫማውን ሰቀለ። ለሀገሩ በ102 ጨዋታ 50 ግብ አለው። ይህን ስነግራቸው ትልልቆቹም ይሰማሉ፤ ልጁ አርሴንም ማንቼንም ሳያውቅ በፊት የሌላ ቤት ልጅ እንደነበር ያስታውሳሉ። ፌይኖርድ በሜዳው በደ ኩይፕ ሲጫወት የኛ ሁለቱም ወገኖች እንግዶች ናቸው። የቀድሞ ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን የአሰልጣኝነቱን ማታ አብሬ የማሳየው ለዚህ ነው። በግብ ቪዲዮ ብቻ ቢሆን ተራ በተራ መጨፈር ይሆናል፤ ፌይኖርድ ሲገባ ግን ሁሉም በአንድ ወገን ተቀምጦ ለአንድ ሰው ይጨነቃል።

ሽንፈቱንም አትደብቁ። ሄረንፌይንን ይዞ በሴፕቴምበር 2024 በአልክማሩ ኤዜድ 9 ለ 1 ተሸንፏል። ኢንተር በደርሶ መልስ 2 ለ 0 እና 2 ለ 1 አሸንፎታል። በኦገስት 2025 ደግሞ ራሱ የተጫወተበት ፌነርባቼ ኢስታንቡል ላይ 5 ለ 2 አሰናብቶታል፤ ያ ሦስተኛው ማታችን ነበር። ከሽንፈት በኋላ ሰው ተነስቶ ወደ በሩ እንዳይጋፋ ቴሌቪዥኑን ቶሎ አትዝጉ። ቃለ መጠይቁ እስኪመጣ ክፍት ይሁን፣ ሁለተኛ ዙር ሻይ ይምጣ። ያ ሻይ እኔ ቤት በነፃ ነው።

አሁን ማሊያው። ወንድሜ በፈረንጅ 2011፣ መስከረም ላይ፣ እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ የገዛው ነው፤ ቀይ፣ ጀርባው ላይ የቫን ፐርሲ ስምና 10 ቁጥር። በፈረንጅ 2012፣ ነሐሴ ላይ፣ ዝውውሩ በዜና የተነገረ ዕለት ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ የውሃ ጋኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ስሙንም ቁጥሩንም በምላጭ ፋቀው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀበት። እኔ ውሃ ይዤለት ወጣሁ፤ አልጠጣም፣ ቁርጥራጩን ከጉልበቱ ላይ እያራገፈ ቀጠለ። ነገር ግን ዓመት ሙሉ የድሬን ፀሐይ የጠጣው ጨርቁ ነው፤ ከቁጥሩ ሥር ያለው ቀይ እንደ አዲስ ነው፣ ዙሪያው ደብዝዟል። ስለዚህ ሲፋቅ ቁጥሩ ይበልጥ ወጣ። ከሩቅ ስታዩት 10 ጥቁር ቀይ ሆኖ በደብዛዛ ቀይ ላይ ይነበባል፣ ከሥሩም ሙጫው የቀረበት ያብረቀርቃል።

በየቫን ፐርሲ ማታ እሰቅለዋለሁ። ከናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ማሊያ ያለው ደንበኛ አይጠፋም፣ ጠይቁ። ሲሰቀል በጀርባው ይሁን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አምፖሉ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ። በሚስማር አትብሱት፤ በመስቀያ አንጠልጥሉት። በረኪና እንዳይነካው፣ በእጅ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ። የማንቼ 20 ቁጥር ያለው ሰው ካመጣ ጎን ለጎን ስቀሉ፣ አንዱ ከሌላው ከፍ እንዳይል በሜትር ለኩ። ሰዎች ያን ያያሉ።

ማርች 5 ማታ ዕረፍት ላይ ወንድሜ ከጅቡቲ በቪዲዮ ደወለ። ውጤቱን ያውቃል፣ እሱም እዚያ እያየ ነው።

«ማሊያው ተሰቅሏል?» አለኝ።

«ተሰቅሏል።»

«በየት በኩል?»

«በጀርባው።»

ትንሽ ዝም አለና «ስልኩን ወደዚያ አዙሪልኝ» አለ። ወንበር ላይ ወጥቼ አዞርኩለት። ዕረፍቱ አልቆ ዳኛው እስኪያፏጭ ድረስ እጄን አላወረድኩም።